ዱቄት የሚያልፍበት ድልድይ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህን እንደገና አሞህ እንደሆነ አትደብቀኝ፤ የመኪና ጎማ ስታነሳ ጉልበትህን ሳታጥፍ እንደምትመነጭቀው አውቃለሁ። ሚስትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቋ ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? እማዬስ? እንቅልፍ ይወስዳታል? ትበላለች? በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አለ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበርና ተውኩት። ናፍቆቱ ከተቀነሰ የሚተርፈኝ ነገር ብዙ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ልበል፤ ሰውነቴ ደህና ነው፣ ሥራ አለኝ፣ በልቼ አድራለሁ። ሌላውን አንተም ታውቀዋለህ።

ደብዳቤህን ያደረሰልኝ የጭነት መኪና ሹፌሩ ነው፤ ያ ፍሬን የለሽ የምንለው። ድልድዩ መሃል ላይ ከእናንተ መኪና ወደ እኛ መኪና ጆንያ ሲያገላብጡ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሸሸግ አድርጎ እንደሰጠው ነገረኝ። ጉድ እኮ ነው። ከእናንተ ዱቄት ያልፋል፣ ከእኛ ጨርቅና ሳሙና ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም። ፖስታውን ስቀደው ዱቄት ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አላራገፍኩትም፤ የአገሬ ዱቄት ነው ብዬ እንደዚያው ዋልኩ። ሳቅብኝ እንግዲህ፤ እዚህም የሳቁብኝ ሞልተዋል።

ስለ እማዬ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጆሮዋ ጭራሹን እንደከዳት፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ወሬም እየተወች እንደመጣች፣ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ ቀስ ብለህ ስታወራ አፍ አፍህን እያየች ሁሉንም እንደምትለይ ነግረኸኛል። አንጀቴን በላኸው። ስልኩ ባይቆረጥ ኖሮ እንኳ ድምፄ ከእንግዲህ አይደርሳትም ማለት ነው። ስነፋረቅ ቆየሁና ደግሞ ሳቄ መጣ። ወንድሜ፣ እናትህ እኮ ሸማኔ ሆናለች!

አልነገርኩህም መሰለኝ፤ እኛም ሽመና ክፍል ውስጥ የምንነጋገረው እንደዚያ ነው። ማሽኖቹ ሲነሱ እንኳን የጎረቤትን ድምፅ የራስህን ሳል አትሰማም። አዲስ የተቀጠረች ሴት መጀመሪያ የምትማረው የተበጠሰ ክር መቀጠል አይደለም፣ አፍ ማንበብ ነው። ለቅርብ ከንፈራችንን ሰፋ አድርገን፣ ለሩቅ ደግሞ እጃችንን ጨምረን እናወራለን። ጉንጭን በመዳፍ መንካት ደህና ነሽ ወይ ማለት ነው። ሁለት ጣት ወደ አፍ ማስጠጋት በላሽ ወይ ነው። አንድ እጅን ከፍ አድርጎ፣ መዳፍን ዘርግቶ ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ማሽኔ ቆሟል፣ ኑልኝ ማለት ነው፤ መካኒኩ የሚመጣው እሷን አይቶ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ያዝልኝ። ሐሜቱም፣ እርቁም፣ የትዳር ምክሩም በዚሁ ያልፋል፤ ፎርማን በመካከላችን እየተንጎራደደ አንዲት ቃል አይሰማም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አብዮቱ ከእኛ ተነስቶ ሦስት ከተማ አዳርሶ እናንተ ጋ ሲደርስ ድልድዩ ላይ የቀረው ለምንድን ነው፣ እኛ ከማን አንሰን ነው ብለሃል። ተርሚናሉ አጠገብ ያሉት ወጣቶች አውቶቡስ ከጠፋ ወዲህ ጎሚስታ ቤትህ እየተሰበሰቡ እንደሚያወሩ፣ ሰው ይዘው ሊወጡ እንደሚፈልጉ፣ አንተም ከፊት እንድትቆምላቸው እንደጠየቁህ ጽፈሃል። ከዚያ ከተማችን ከተነሳ ድልድዩ ይከፈታል፣ አንቺም ትመጫለሽ የምትለዋን መስመር ከሥሯ ስታሰምርባት ብዕርህ ወረቀቱን ቀዶታል። እዚያ ላይ ስደርስ ምን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ።

መጀመሪያ የእኛን ቀን በትክክል ልንገርህ፤ በሬዲዮ የሰማኸው ሌላ ነው። ያቀደው ሰው አልነበረም። ከእኛ መካከል አንዷ ሐዘን ወይም ሕመም ገጥሟት ስትቀር ግራና ቀኟ ያሉት ማሽኗን ይይዙላታል፤ ሥራዋ እንዳይጓደል፣ ስሟ እንዳይነሳ። በስተግራዬ የምትሠራው ሴት፣ እኔ የግራ ጎረቤቴ የምላት፣ እናቷ አልጋ ላይ ወድቃባት ወደ አገሯ ሄደች። እኔና ከወዲያ ያለችው ማሽኗን ያዝንላት። በዚያ ሰሞን የመጣው ፎርማን ይህን ሲያይ ማሽኑን አጠፋና ከሥራ ሰርዣታለሁ አለኝ። እናቷ እየሞተች ነው አልኩት። ጠጋ ብሎ "የሁሉም እናት ትሞታለች" አለኝ።

ድምፁን አልሰማሁትም፣ ከንፈሩን ነው ያየሁት። የሰውየው ስህተት እዚያ ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ለእኔ ብቻ የተናገረ መሰለው። ከፊቱም ከጎኑም የነበሩት ሴቶች ግን አፉን አይተውታል፤ እነሱ ለቀጣዮቹ፣ ቀጣዮቹ ከወዲያ ላሉት እየነገሩ፣ እሱ ዞሮ ሳይጨርስ ቃሉ የአዳራሹ መጨረሻ ደርሷል። የእኔ ማሽን ምንም አልሆነም ነበር። አቆምኩትና እጄን አንስቼ ቆምኩ። ከወዲያ ያለችውም አቆመች። ከዚያ አዳራሹ ዳር እስከ ዳር የተነሳ እጅ ሆነ። መካኒኩ ምስኪን መፍቻውን ይዞ ወደ የትኛዋ እንደሚሄድ ግራ ገብቶት መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ። ከግድግዳው ወዲያ ማሸጊያ ክፍል ያሉት ደግሞ ጩኸቱ ሲቋረጥ መብራት የጠፋ መስሏቸው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ወጥተው ሲያዩን ነው ነገሩ የገባቸው።

አብዮት የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው። የተነሱት ሦስቱ ከተሞች ሁሉም ሽመና ፋብሪካ ያለባቸው ናቸው። መካኒኮቹ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ ይሠራሉ፣ የእኛም እህቶችና የአክስት ልጆች እዚያ ተቀጥረዋል። ያቺን የፎርማኑን ቃል ይዘው ሄዱ፤ እያንዳንዷ ሸማኔ ለራሷ የተባለች ያህል ከነከናት። ሳምንት ሳይሞላ እዚያም እጅ ተነሳ። ከፋብሪካው ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ደስ የሚል ነገር ብቻ እንዳይመስልህ። ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ፣ እጁ ከሰማያዊ ቀለም ለቅቆ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በጥይት ወደቀ። ተሸክመውት ሲያልፉ ከጨርቁ ሥር የወጣችው ያቺ ሰማያዊ እጁ ነበረች። እስከዛሬ ሰማያዊ ነጠላ ክር ሲመጣብኝ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።

የእናንተን አለመነሳት በተመለከተ እዚህ ያልተጣላሁት ሰው የለም። የምኖርበት ግቢ ውስጥ ጋዜጣ የምንለው ጡረተኛ አለ፤ ያነበበውንም ያላነበበውንም ስለሚያወራ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከድልድዩ ማዶ ያሉት ፈሪዎች ናቸው አለ። ምላሴን ታውቃት የለ። ጎርፍ አውቶቡስ ሲወስድ ወገባቸው ላይ ገመድ አስረው የገቡት የእኔ ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ አንተ ዝናብ ካካፋ ከበረንዳ አትወርድም አልኩት። አኩርፎኝ ሰነበተ። ሲታረቀኝ ደግሞ ሌላ ይዞ መጣ፤ ኑሮ ያልመረረው ሕዝብ አይነሳም አለኝ። ኑሮ ቢሆንማ እናንተ ትቀድሙን ነበር። እኛ ትነስም ትብዛም ደመወዝ ነበረችን፤ እናንተ ሰማይ ሰማዩን ነው የምታዩት። አሁን እሱ ከእኔ ጋር ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው የሚያወራው።

እኔ ግን ማሽኔ ላይ ቆሜ ሳወጣ ሳወርድ የታየኝ ይህ ነው። እኛ አንድ ጣሪያ ሥር ነበርን። የበደለን አንድ ሰው ነው፣ የበደለንም በሁላችን ዓይን ፊት ነው። እናንተ ሁላችሁም በየደጃችሁ ናችሁ። አንተን የሚያንገበግብህ የጎማ ቀረጥ ነው፣ ልብስ ሰፊዋን ጎረቤትህን የቤት ኪራይ፣ አክስታችንን ደግሞ ያ ውሃ የማይወርድበት ቧንቧ ነው። ሁላችሁም ተበድላችኋል፣ ግን በአንድ ቀን አይደለም፣ በአንድ ሰው አፍም አይደለም። አንዱ ሲግል ሌላው በርዶለታል።

የእኛ ፎርማን ከየት እንደመጣ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። የእናንተ አስተዳዳሪ ግን ግማሹን ሰፈር ያጋባ፣ ግማሹን ያስታረቀ ሰው ነው። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር መጋዘኑን ከፍቶ ዱቄት በቅናሽ አስሸጠ ብለኸኛል። ለቅሶ ቤትም ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ውረድ ለማለት ዓይን ያሳፍራል፤ አውቆበታል። ድልድዩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመውስ ማን ነው? የአክስታችን ልጅ ምሰሶ ነው። ቁመቱ በር የማይበቃው፣ በልጅነቱ እናቱ አለንጋ ይዛ ስታባርረው እማዬ ቀሚስ ሥር የሚደበቀው ምሰሶ። ድንጋይ ብታነሳ በማን ላይ ትወረውራለህ? እሱስ ተኩስ ቢባል በማን ላይ ይተኩሳል?

ደግሞ እኛ የወጣነው ማንም ሳይነቃብን ነው። እኛን ያዩ ሁሉ ግን ነቅተዋል፤ ሹሞቹም ነቅተዋል፣ እናንተም ያንን ሰማያዊ እጅ ሰምታችኋል። ድልድዩ የተዘጋው እኮ ለዚህ ነው። ዱቄት የሚያልፈው ወሬ ስለማያወራ ነው። ስለዚህ ማንም ፈሪ ቢልህ አትስማው፣ አንተም ራስህን አትበል። እኛም ጀግና ሆነን አልነበረም፤ ተያይተን ነው።

አሁን ወደዚያች ወረቀት የቀደደች መስመር ልመለስ። ድልድዩ እንዲከፈት ከእኔ በላይ የሚፈልግ ሰው ካለ አላየሁም። የተዘጋው የዓመት ፈቃዴን ልወጣ ስል ነበር፤ ሻንጣዬ ያን ጊዜ እንደታሰረ አልጋዬ ሥር አለ። ለእማዬ የገዛሁላትን ሹራብ አንዳንዴ አውጥቼ አናፍሰውና አጥፌ እመልሰዋለሁ። መንገድ ላይ ከኋላዋ የእማዬን አካሄድ የያዘች ሴት ካየሁ እግሬ ይጎትተኛል፤ ጉዳዬን ትቼ እከተላታለሁ፤ ዞር ስትል የሰው እናት ናት። ድምፅዋ ራሱ እየጠፋብኝ ነው። ስሜን ስትጠራ መጨረሻውን እንዴት እንደምታስረዝመው ላስታውስ እሞክርና የራሴ ድምፅ ይመጣብኛል። ይህን ሁሉ የምነግርህ ተነሱ ብዬ ልጽፍልህ እጄ እንዴት እንደዳዳው እንድታውቅ ነው።

ግን አልጽፍም። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር አንተና ምሰሶ ድልድዩ ላይ ፊት ለፊት ቆማችሁ ትታዩኛላችሁ፣ ከኋላችሁ ደግሞ ተኩሱን እንኳ የማትሰማዋ እማዬ። ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ አትውጣ። የጎማው ቀረጥና የቤት ኪራዩና ቧንቧው አንድ ነገር መሆናቸው አንድ ቀን ሁላችሁንም አብሮ ከታያችሁ፣ ያን ጊዜ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔም አልከለክልህም። በእኔ ናፍቆት ላይ ግን የማንም እናት ልጅ እንዲወድቅበት አልፈልግም። አንተ ወድቀህ ድልድዩ ቢከፈት በየትኛው እግሬ ነው የምሻገረው?

ይህን ስወስን ሆድ ባሰኝ፤ ማሽን ላይ ሆኜ እንባዬ ይወርድ ጀመር። የግራ ጎረቤቴ አየችኝ። ተመልሳ ከጎኔ ነው የምትሠራው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሰርዛት አልተገኘም። ምን ሆነሻል አለችኝ በከንፈሯ፤ እኔም በእጄና በከንፈሬ ከላይ እስከ ታች ዘረገፍኩላት፣ ደብዳቤህን፣ እማዬን፣ ድልድዩን። እናቷ ጋ ስትደርስ አሮጊቷ መናገር አቅቷት እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ነግራኝ አታውቅም። ከዚያ ማሽኗን አቁማ ወደ እኔ ዞረችና "አላናገረችኝም፣ ግን አየችኝ። የተረፈኝ እሱ ነው። አንቺም ይከፈታል አይከፈትም እያልሽ አትቁሚ፤ ሂጂና ትይሽ" አለችኝ።

ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በሁለተኛው የእረፍት ቀን ጠዋት እማዬን ድልድዩ ድረስ አምጣልኝ። እኔን ፍሬን የለሽ ከጭነቱ ጋር ይወስደኛል፤ ቀስ ብሎ እንደሚነዳ ምሎልኛል፣ አላመንኩትም። በእኛ በኩል ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ የዚያ መካኒክ ወንድም ስለሆነ ኬላው ድረስ አይከለክለኝም፤ ከኬላው ማለፍ ግን አይቻልም። አንተ ምሰሶን አነጋግረው። ክፈት አትበለው፤ የልጆቹ ጉሮሮ ነው። እማዬ እናንተ ኬላ ድረስ ስትቀርብ ፊቱን ወደ ሌላ እንዲያዞር ብቻ ንገረው፤ የተደበቀባትን ቀሚስ አስታውሰው። እናንተን እንዳትነሱ የያዛችሁ ዝምድና ለዚህች ቀን ደግሞ ይጥቀመን እንጂ።

ወንዙ ከሥር እንዴት እንደሚያጓራ ታውቃለህ። ዘመዶቻቸውን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ ሲጮኹ ውለው፣ አንድ ቃል ሳይሰማሙ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ተመለሱ ብሎ ሹፌሩ ነግሮኛል። ያን ስሰማ ነው ልቤ ዘለል ያለው። ድልድዩ ከእኛ ሽመና ክፍል ርዝመት አይበልጥም፣ ጩኸቱም ከእኛው ማሽኖች አይብስም። ከዳር እስከ ዳር መነጋገር የሚችሉ እናትና ልጅ ካሉ እኛ ነን።

ጠዋት ፀሐይ በእናንተ በኩል ስለምትወጣ ፊቴ ላይ ታበራለች፤ እማዬ አፌን አጥርታ ታያለች። እኔ ደግሞ የእሷን ፊት በደንብ የማየው ፀሐይ ዞራ ከሰዓት ነውና ወንበር ይዘህላት ና፣ እስከዚያ አቆይልኝ። እንዳትጮህ ንገራት፤ ሰፋ አድርጋ ቀስ ብላ ታውራ፣ ስሜን ግን እንደ ድሮው መጨረሻውን አስረዝማ ትጥራኝ፤ ባልሰማውም አየዋለሁ። ምልክቶቹን እስከዚያ አስተምራት፤ የጉንጩን፣ የሁለት ጣቱን። እጄን አንስቼ መዳፌን ዘርግቼ ዝም ብዬ ቆሜ ካየችኝ ምን ማለት እንደሆነም አትርሳ። መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ። እሷም እጇን ታንሳልኝ።

ስለ ተርሚናሉና ስለ ወጣቶቹ ያለውን ወረቀት አንብበህ ስትጨርስ ምድጃ ይብላው። ለሚስትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ከእማዬ ጋር ውላ የምታመሸው እሷ ናትና ውለታዋን ቆሜ የምመልስበት ቀን ይምጣ። ትልቋን ጥርስ ይኑራትም አይኑራትም አፏን ገልጣ ትሳቅ በልልኝ። ትንሹን፣ ያንን ወረበላ፣ ጆሮውን ሳብልኝና ከዚያ ሳምልኝ። አክስታችንን ቧንቧው ወረደልሽ ወይ ብላ ጠይቃሻለች በላት። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤትህን ዓይኗን ከጨለማ ትጠብቅ በላት። ለምሰሶ፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት እንዳይረሳ ንገረው። ተርሚናሉ ላሉት ወጣቶችም ማንም ፈሪ እንዳላላቸው፣ እኔ ፊት ደግሞ የሚል ሰው እንደማይኖር ንገራቸው።

ለእማዬ ግን በወረቀት ሰላምታ አልልክም። ቆሜ እነግራታለሁ።

እህትህ

ከወንዙ ወዲህ፣ ከሽመና ፋብሪካው ጀርባ
በእረፍት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ